የሃይሩል ቤተ መንግሥት ባዶ አይደለም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ጀምሮ ስለ ጌሙ ያልተባለ የለም። ሰሞኑን የወጣ አንድ ትችት ግን የመጨረሻው ጠላት ጋነን የሚገኝበትን የሃይሩልን ቤተ መንግሥት ብቻ ነጥሎ አንስቷል። የጽሑፉ ክስ ባጭሩ ይህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ከሩቅ እየታየ ተጫዋቹን ያጓጓል፤ አራቱ ዲቫይን ቢስቶች (ጋነን የነጠቃቸው ግዙፍ የእንስሳት ቅርጽ ያላቸው ማሽኖች) ነጻ እስኪወጡ ግን አይነካም። ከዚያ በኋላም መግቢያው በጋርዲያን፣ ማለትም ጨረር በሚተኩሱ ጥንታዊ ማሽኖች፣ የታጠረ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው በፏፏቴ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ዙፋኑ ጋ ስለሚደርስ የቀረው ግቢ ትርፍ ነው። በውስጡ የሚገኘው መሣሪያ ወዲያው ይሰበራል፣ ታሪክም የለበትም፣ የመጨረሻው ውጊያም ቀላል ነው። በመጨረሻም በ2023 የወጣው ተከታይ ጌም ቤተ መንግሥቱን ወደ ሰማይ ማንሣቱ የመጀመሪያው እንዳልተሳካ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

ጽሑፉ በጨዋ አነጋገር የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ጌሙን እስከ መጨረሻው እንደተጫወቱት ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ጌሙ ውስጥ ካለው ነገር ጋር አይገጥሙም። ይህ ቤተ መንግሥት ቦስ (ዋናው ጠላት) የተቀመጠበት አዳራሽ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ በሜዳው ሁሉ የተማረው፣ መውጣቱም፣ መዋኘቱም፣ ጨረር መመለሱም፣ ብረት በማግኔሲስ ማንሣቱም፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በጥድፊያ ላለፈው ሰው ባዶ ሊመስለው ይችላል። ከዚህ በታች የጌሙ ታሪክ ስለሚነሣ ያልጨረሰ ሰው ይህን አውቆ ያንብብ።

በመጀመሪያው ነጥብ እንጀምር፤ ፍጹም ስሕተት ስለሆነ ብዙ አያቆይም። ቤተ መንግሥቱ ዝግ ሆኖ አያውቅም። ተጫዋቹ የሚመራው ሊንክ በመነሻው አምባ በግሬት ፕላቶ ላይ አራቱን ሽራይኖች (የፈተና ቤቶች) ጨርሶ እዚያ ከሚያገኘው ሽማግሌ ፓራግላይደሩን (የመንሳፈፊያ ጨርቁን) ከተቀበለበት ቅጽበት ጀምሮ ማንም አይከለክለውም። በ3 ልብ፣ ባገኘው ዱላ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል። የተልእኮ መዝገቡም ጋነንን ማጥፋትን የሚያስቀምጠው ከዚያው ሰዓት አንሥቶ ነው። ጌሙን በፍጥነት ለመጨረስ የሚወዳደሩት ተጫዋቾች ከግማሽ ሰዓት በታች የሚጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፕላቶው ወርደው በቀጥታ ጋነን ወዳለበት አዳራሽ፣ ወደ ሳንክተም፣ ያመራሉ። ዲቫይን ቢስቶቹ የሚቀይሩት በሩን ሳይሆን ውጊያውን ነው። ነጻ ያልወጣ እያንዳንዱን ቢስት የያዘው ብላይት (የጋነን ጭፍራ) ሳንክተም ውስጥ ይጠብቃል፤ አራቱም ካልተነኩ አራቱንም ተራ በተራ ማሸነፍ ግድ ነው። ነጻ ከወጡ ደግሞ ውጊያው ሲጀመር ከሩቅ ተኩሰው የካላሚቲ ጋነንን ጤና በግማሽ ይቀንሱታል። ተጫዋቹ ቀድሞ የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ይቆጠርለታል፤ ያልሠራውም ይከፍላል። ከዚህ የበለጠ ክፍት የሆነ የመጨረሻ ምዕራፍ ያላቸው ጌሞች ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መግቢያው አንድ ነው የሚለው፣ ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልገዋል። ጸሐፊው የገለጹት መንገድ ከደቡብ በካስል ታውን ፍርስራሽ አልፎ ወደ ዋናው በር የሚወጣው ነው። ይህ ከሁሉም መንገዶች የከፋው ነው፤ ገላጣ ሜዳ ላይ የሚራመዱ ጋርዲያኖች አሉበት፣ ከበሩ በኋላም ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ባሉበት ቆመው የሚተኩሱ ቱሬቶችና በሰማይ የሚያንዣብቡ ስካይዎቸሮች ይጠብቃሉ። በዚያ በኩል ሮጦ ለመግባት የሞከረ ሰው ሦስትና አራት ቀይ ነጥብ በአንድ ጊዜ ደረቱ ላይ ቢያርፍ ሊገርመው አይገባም፤ የተሠራውም እንዲያስፈራ ነው።

በጣም የሚመከረው መግቢያ ግን ከሰሜን ምዕራብ በኩል፣ በውሃው ደረጃ ያለው የወደብ ዋሻ ነው። ቤተ መንግሥቱን የከበበውን ውሃ አቋርጦ መድረስ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስታሚናውን (የሊንክን የጉልበት መጠን) ሳያሰላ በዋና በመጀመሩ ነው፤ ስታሚናው መሀል ላይ ካለቀ ሊንክ ሰጥሞ ልብ ይቀነስበትና ወደ ገባበት ዳር ይመለሳል። መፍትሔው ክራዮኒስ ነው። የበረዶ ምሰሶ አቁሞ ላዩ ላይ መውጣት፣ ስታሚናው እስኪሞላ ማረፍ፣ ከዚያ ቀጣዩን ማቆም። በአንድ ጊዜ የሚቆሙት 3 ምሰሶዎች ብቻ ናቸው፤ አራተኛው ሲቆም የመጀመሪያው ይፈርሳልና የቆማችሁበትን እንዳታፈርሱ ቅደም ተከተሉን አስታውሱ። ምሰሶው ከጨረር መከለያም ይሆናል።

ወደቡ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የእሳት መቅረዞቹን መለኮስ ነው። የእሳት ቀስት ወይም የሚነድ ችቦ ይበቃል። ሲለኮሱ ሳስ ኮሳ የተባለው ሽራይን ይወጣል። ውስጡ ያለው ከባዱ የውጊያ ፈተና ስለሆነ ያልተዘጋጀ ሰው መግባት የለበትም፤ ነገር ግን ፈተናውን ባይጨርሱትም ሽራይኑን በሺካ ስሌት (ሊንክ በያዘው ሰሌዳ) ማስነሣት ብቻ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በቀጥታ የሚወርዱበት የቴሌፖርት ነጥብ ተገኘ ማለት ነው። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ከተገባ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም የሚል ስሜት ይሰጣል። ይቻላል። ሴቭ አድርጎ መውጣት፣ መንደር ሄዶ ምግብ ማብሰል፣ ተመልሶ በወደቡ መቀጠል ይቻላል። ከወደቡ ወደ ላይ የሚወጣው መተላለፊያም ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ያደርሳል፤ ማለትም ደጅ ያሉትን ጋርዲያኖች አንዳቸውንም ሳያዩ የቤተ መንግሥቱ መሀል መግባት ይቻላል።

ሌሎችም አሉ። በምዕራብና በምሥራቅ ገደሎቹ ላይ በእጅ መውጣት፤ ከኮረብታው ጎን የሚገቡትንና የከበሩ ድንጋዮች የሚቆፈሩባቸውን ዋሻዎች መከተል፤ ዲቫይን ቢስት ቫ ሜዶን ነጻ ያወጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በሚያገኘው የሬቫሊ ጌል ነፋስ ተነሥቶ በፓራግላይደር ከማማ ወደ ማማ መሸጋገር። መንገዱን ለመምረጥ የሚረዳው ነገር ደግሞ እጃችሁ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲገቡ የሺካ ስሌት ማፕ እንደ ዲቫይን ቢስቶቹ ባለ ሦስት ገጽታ ይሆናል። አዟዙሮ ማየት፣ ወለል ከወለል መለየት ይቻላል። ጠፋሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ማፕ ከፍቶ አላዞረውም።

እዚሁ ላይ ጋርዲያኖቹ ያለ ማስተር ሶርድ፣ ያለ ታዋቂው ሰይፍ፣ አይቻሉም የሚለውን የጽሑፉን አረፍተ ነገር ማረም ያስፈልጋል፤ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ነውና። ማስተር ሶርድ ለመንቀል 13 ሙሉ ልብ ይጠይቃል፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥም ኃይሉ ከ30 ወደ 60 ስለሚያድግ መልካም መሣሪያ ነው። ግን ግዴታ አይደለም። የሚራመደው ጋርዲያን ጤና 1500 ነው፤ በትክክል ተመልሶ የመታው የራሱ ጨረር ደግሞ 500 ያህል ይወስዳል። ሦስት ጊዜ በትክክል የመለሰ ሰው ሰይፍ ሳይመዝ ይገድለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዜድ ኤል ቁልፍን ይዛችሁ ዒላማውን ቆልፉት፤ ጋሻው ፊታችሁ ይቆማል። ቀይዋ የዒላማ ጨረር ስታርፍባችሁ የሚሰማው ድምፅ እየፈጠነ ይሄዳል። በድምፁ መጫን የለባችሁም፤ ብዙዎች የሚከሽፉት እዚህ ነው። የሚጠበቀው ዓይኑ ላይ የሚታየው ብልጭታ ነው። ብልጭ ሲል ጨረሩ ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት የኤ ቁልፍን ጫኑ። ቅርብ ከሆነ ከብልጭታው ጋር አብሮ፣ ሩቅ ከሆነ ጨረሩ እስኪደርስ ጥቂት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ርቀቱን አለመቀያየር ይረዳል፤ እየሸሹ ወይም እየቀረቡ የሚሞክሩ ሰዎች ጊዜው በየሙከራው ይለወጥባቸዋል። በትክክል ከተመለሰ ጋሻው አይጎዳም፤ ለዚህም ነው 1 የመከላከያ ነጥብ ብቻ ያለው የድስት ክዳን ጋርዲያን መግደል የሚችለው። ከከሸፈ ግን ተራ ጋሻ ይበታተናል፣ እናንተም ትወረወራላችሁ፤ ጥቂት ልብ ላለው ሰው አንድ ጨረር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

መለማመጃው ከቤተ መንግሥቱ ርቆ ነው ያለው። ግሬት ፕላቶ ላይ ምሥራቃዊው ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ እግር የሌላቸው፣ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ አሮጌ ጋርዲያኖች አሉ። ጤናቸው 500 ስለሆነ አንድ የተሳካ ምላሽ ይጨርሳቸዋል። ሴቭ አድርጎ እዚያ እጅን ማስለመድ የካስል ታውንን ፍርሃት ግማሹን ያስቀራል። ጨረር መመለስ የማይሆንለት ሰው ሌላ አማራጭ አለው፤ ዓይኑን በቀስት መምታት ዒላማውን አቋርጦ ለጊዜው ያደነዝዘዋል፣ በዚያ መሀል ተጠግቶ እግሮቹን መቁረጥ ይቻላል። አካላ ከሚገኘው የጥናት ቤት የሚሠራው ኤንሸንት አሮው የተባለ ፍላጻ ደግሞ ዓይኑ ላይ ካረፈ በአንድ ምት ይገድላል። ውድ ስለሆነ ግን ለስካይዎቸሮች ማቆየቱ ይሻላል፤ የሚበር ጠላትን እግር መቁረጥ አይቻልምና።

ስለ ፏፏቴው የተባለው እውነት ነው። የዞራ ጋሻ ልብስ የለበሰ ሰው ከኋላ ያሉትን ፏፏቴዎች እየዋኘ ወጥቶ ሳንክተም አጠገብ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ግን ጽሑፉ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ላይ ይከሳል፤ አንዴ መንገዱ አንድ ብቻና እጅግ ከባድ ነው ይላል፣ መልሶ አቋራጭ ስላለ ሁሉም ዋጋ የለውም ይላል። ልብሱ እኮ በነጻ የሚሰጥ አይደለም፤ ዞራ ዶሜን ድረስ የተጓዘ ሰው ከንጉሥ ዶሬፋን እጅ የሚቀበለው ነው። ጌሙ በዚያ ጉዞ ያገኛችሁትን ነገር እዚህ ላይ ጥቅም ላይ እንድታውሉት መፍቀዱ ድክመት ሊባል አይችልም። ደግሞም በፏፏቴ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ክፍሎቹን ከላይ ወደ ታች መጎብኘት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ይህ መጥፎ ዘዴ አይደለም፤ ከላይ መንሸራተት ከታች ከመውጣት ያነሰ ስታሚና ይበላል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ጽሑፉ እንደሚለው በቤተ መንግሥቱ የሚገኙት የሮያል ጋርድ መሣሪያዎች ቶሎ ይሰበራሉ፤ ቁጥሩን ብንመለከት ግን የተሟላው ሥዕል ይታያል። የሮያል ጋርድ ክሌይሞር (በሁለት እጅ የሚያዝ ሰይፍ) ጉልበቱ 72፣ ዕድሜው 15 ምት ነው። ተራው ሮያል ክሌይሞር 52 ጉልበትና 40 ምት አለው። አንዱ በሕይወቱ ሙሉ 1080 ያህል ጉዳት ያደርሳል፣ ሌላው 2080። ስለዚህ ሮያል ጋርዱን ለቦኮብሊን (ለተራ ጠላት) ማባረሪያ የተጠቀመ ሰው ከስሮ ይወጣል፤ ጸሐፊው የደረሰባቸውም ይህ ይመስላል። ሰይፉም 48 ጉልበትና 14 ምት፣ ጋሻው 70 መከላከያና 14 ዕድሜ ስላላቸው በዚያው መንገድ መታየት አለባቸው። በጌሙ ውስጥ የተሰጠው መግለጫ እንደሚለው እነዚህ የሺካ ነገድ ሰዎች በጥንታዊ ቴክኖሎጂ ጥፋቱን ለመከላከል የሠሯቸው፣ ጥንካሬያቸው ግን ያላጠገበ መሣሪያዎች ናቸው። መሰበራቸው የዚያ የከሸፈ ዝግጅት አካል ነው።

ታዲያ ለምን ይጠቅማሉ? መልሱ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት ሁለት የበር ቤቶች ውስጥ ላይነሎች የተባሉ ከባድ፣ ፈረስ መሰል ጭራቆች አሉ። ላይነልን ፊቱን በቀስት መትታችሁ ሲንበረከክ ሮጣችሁ ኤን ብትጫኑ ጀርባው ላይ ትወጣላችሁ፤ በዚያ ላይ ሆናችሁ የምትሰነዝሩት ምት የመሣሪያውን ዕድሜ አይቀንስም። 72 ጉልበት ያለው፣ 15 ምት ብቻ የሚችል ክሌይሞር ለዚህ ከተቀመጠ እንደ ዘላለማዊ መሣሪያ ይሠራል። ሲወረውራችሁ ወዲያው ወደ ቀላል ሰይፍ መቀየር፣ ሲንበረከክ መመለስ ነው። ብርማው ላይነል በመደበኛው ደረጃ 5000 ጤና ስላለው ይህን ዘዴ ሳያውቁ መግባት የመሣሪያ ከረጢትን ባዶ ያደርጋል። ምግቡም አስቀድሞ መብሰል አለበት። 5 ማይቲ ሙዝ አብራችሁ ብታበስሉ ደረጃ 3 የጥቃት ኃይል ለ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ታገኛላችሁ፤ 5 ሃርቲ ዱሪያን ደግሞ ጤናን ሙሉ በሙሉ መልሶ 20 ተጨማሪ ልብ ይሰጣል። በሰዓት የሚቆጠሩ ሁለት ዓይነት ኃይሎች በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ተጨማሪው ልብ ግን ከሌላ ኃይል ጋር አብሮ ይቆያል። ሙዙ ለላይነሉ፣ ዱሪያኑ ለሳንክተም።

አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ፦ ቤተ መንግሥቱ ጋ በሞላ ከረጢት አትሂዱ። አራት አምስት የመሣሪያ ቦታ ባዶ ካልሆነ ከግድግዳው የምታወርዱትን ለመያዝ ሌላ መጣል ይሆናል፤ ብዙ ሰው ምንም የለም ብሎ የሚወጣውም መያዝ ባለመቻሉ ነው። የተወሰደው ደግሞ ብላድ ሙን የተባለችው ቀይ ጨረቃ ስትወጣ ተመልሶ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ጽሑፉ ስለ ሃይሊያን ጋሻ አንድም ቃል አለማለቱ ነው። በቤተ መንግሥቱ ሥር ባለው እስር ቤት፣ ከክፍሎቹ በትልቁ ውስጥ፣ ስታልኖክስ የሚባል ግዙፍ አጽም ተኝቷል። አጥንቱን ነቅሎ ይወረውራል፤ ዓይኑን በቀስት ስትመቱት ይወድቃል፤ ጤናው ሲመናመን ዓይኑ ከራስ ቅሉ ወጥቶ መሬት ላይ ይንከባለላልና ያኔ ዓይኑን መምታት አለባችሁ። ሲያልቅ የሚገኘው ሃይሊያን ጋሻ 90 መከላከያና 800 ዕድሜ አለው። ከሮያል ጋርድ ጋሻው 14 ጋር አስተያዩት። በጌሙ ውስጥ ከዚህ የሚስተካከል ጋሻ የለም፣ መጀመሪያ የሚገኘውም እዚህ ብቻ ነው። ቢሰበር እንኳ ታሪ ታውን የተባለውን መንደር የገነባ ተጫዋች እዚያ ካለው ነጋዴ ከግራንቴ በ3000 ሩፒ መልሶ ይገዛዋል። የዚህ ቦታ ሽልማት ሁሉ ቶሎ ይሰበራል ብሎ መጻፍ ይህን ሳያዩ ማለፍ ነው።

ታሪክ የለም ለሚለው ክስ ሦስት ደብተር ማቅረብ ይበቃል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማግኔሲስን ስትከፍቱ አንዳንዶቹ መደርደሪያዎች ያበራሉ፤ ብረት ናቸውና ይጎተታሉ። ከአንዱ ኋላ የልዕልት ዜልዳ አባት የንጉሥ ሮአም የግል ክፍል አለ፣ ጠረጴዛው ላይም ማስታወሻው። ሰውየውን ሊንክ በሚያስታውሳቸው ትዝታዎች ውስጥ የምናየው ልጁን ሲቆጣ፣ ጥናትሽን ተዪና ጸልዪ ሲል ነው። ማስታወሻው ግን ያንን የጨከነበትን ሌሊት ሁሉ እንደሚያስብበት ይናገራል። መጨረሻ ላይ ከላናይሩ ተራራ ስትመለስ በደግ ቃል ሊያነጋግራት ወስኗል። ጋነን የተነሣው በዚያው ቀን፣ ዜልዳ 17 ዓመት በሞላት ዕለት ነው። ግሬት ፕላቶ ላይ በእርጅና ተመስሎ ሊንክን ያስተማረውና ልጄን አድናት ብሎ የለመነው መንፈስም እሱ ነው። ያ ሽማግሌ ሊናገር ፈልጎ ያልተናገረው ነገር እዚህ በድብቅ ክፍል ተቀምጧል። ጌሙ ይህን በግድ አያስነብብም፤ የመደርደሪያውን ብረት ላስተዋለ ሰው ብቻ ይሰጣል። ከመላው ጌም ይህች ክፍል ከሁሉ የበለጠች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የዜልዳ ማስታወሻ ነው፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ። ሊንክ ለምን ዝም እንደሚል የምንረዳው ከዚያ ነው። ብዙ ዓይን ስለሚያየው ጠንካራ መሆንና ሸክሙን በዝምታ መሸከም እንዳለበት እንደሚሰማው ለእሷ ነግሯታል፤ እሷም ይጠላኛል ብላ ታስብ የነበረውን እዚያ ላይ ትተዋለች። ከመኝታ ክፍሏ በድልድይ ወደ ጥናት ክፍሏ ሲኬድ ሦስተኛው ደብተር፣ የምርምር ማስታወሻዋ፣ አለ፤ ክፍሉ ውስጥም ሳይለንት ፕሪንሰስ የተባለችው አበባ በቅላለች። አባቷ ሲቆጣት የሚያሳየው ትዝታ የሚነቃውም በዚያው ድልድይ ዙሪያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት የቤተ መንግሥት የምግብ አሠራሮች ተቀምጠዋል፤ የፍራፍሬ ኬኩ ፖም ወይም የዱር እንጆሪ፣ ሌላ አንድ ፍሬ፣ የታባንታ ስንዴና የሸንኮራ ስኳር ነው፤ ሌላው በሞንስተር ኤክስትራክት፣ በስንዴ፣ በፍየል ቅቤና በስኳር የሚሠራው ሞንስተር ኬክ ነው። ሪቨርሳይድ ስቴብል ያለው ጎተር የሚሰጠው ተልእኮ የሚያልቀው በእነዚህ ነው። የመመገቢያ አዳራሽ፣ የዘበኞች ክፍል፣ እስር ቤት፣ ወደብ፣ የጥናት ክፍል ያለውን ቤት ሰው ያልኖረበት ማለት ከባድ ነው።

ሙዚቃውን ጽሑፉ በአንድ ቃል አልፎታል። ደጅ ስትሆኑ ሙሉ ኦርኬስትራው ይነፋል፤ በር አልፋችሁ ስትገቡ ያው ዜማ ሳይቋረጥ ዝግ ይላል። ይህን ለመስማት አንድ ደጃፍ ላይ ወጣ ገባ ማለት ይበቃል።

የመጨረሻው ውጊያ ቀላል ነው በሚለው ግን በከፊል እንስማማለን። አራቱንም ቢስቶች ነጻ አውጥቶ ለገባ ሰው የካላሚቲ ጋነን ግማሽ ጤና ገና ሳይጀመር ይሄዳል፤ ከዚያ በሜዳው ላይ በፈረስ የሚደረገው የዳርክ ቢስት ጋነን ምዕራፍ ማየት የሚያስደስት እንጂ የሚፈትን አይደለም። ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሳንክተሙን ውጊያ ለዚህ ብሎ ከቤተ መንግሥቱ መለየት አይቻልም። ጋነን ወደ ኋላ ላይ ተራ ምት በማይበሳው ጋሻ ራሱን ይሸፍናል፤ የሚከፈተውም ጨረሩን በመመለስ ወይም ምቱን በመጨረሻዋ ቅጽበት አምልጦ ፍለሪ ራሽ ወደተባለው ፈጣን የመልስ ጥቃት በመግባት ነው። የሚተኩሰው ጨረር የጋርዲያኖቹ ዓይነት ነው። ከወደቡ እስከ ማማው የመጣ ሰው ይህን እጁ ለምዶታል። በፏፏቴ ወጥቶ አንድም ጋርዲያን ሳይገጥም የገባ ግን እዚህ ይቸገራል፤ ውጊያው ረጅምና አሰልቺ ሆነብኝ የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ ጋሻው በምን እንደሚከፈት ሳያውቁ በሰይፍ ሲደበድቡት የሚቆዩ ናቸው። ፈተና የሚፈልግ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢስት ሳይነካ ይሂድ። ምርጫው ተሰጥቶታል።

ስለ ተከታዩ ጌም፣ «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም»፣ የቀረበው መከራከሪያ አጭር መልስ ይበቃዋል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰማይ ቢነሣም ክፍሎቹ ከነዝምድናቸው እዚያው ናቸው፤ ተጫዋቹ የዜልዳን አምሳል ከክፍል ወደ ክፍል እየተከተለ የሚሄድበት ተልእኮ የሚሠራው የመጀመሪያውን ግቢ ያወቀ ሰው መንገዱን ስለሚያስታውስ ነው። ያልተሳካ ቦታ ቢሆን አዘጋጆቹ እንደ አዲስ በሠሩት ነበር። የሮያል ጋርድ መሣሪያዎቹም አልተጣሉም፤ ሊሰበሩ ሲቃረቡ ጉልበታቸው እጥፍ እንዲሆን ተደርገዋል። ሃይሊያን ጋሻውም በዚህ ጌም የሚገኘው በዚያው ወደብ ነው፤ ትልቁን መቅረዝ በእሳት የለኮሰ ሰው ሣጥኑ ይወጣለታል።